ነፋስ መውጫ እስኪደረስ

ጤና አዳም ከስፒሪት ጋር ሲደባለቅ የሚወጣውን ሽታ የማውቀው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሆዱ ተቀዶ የተሰፋ የገጠር ሰው በተኛበት ክፍል። ስፒሪቱ የሐኪም ነው፤ ጤና አዳሙ የዘመድ። የእኛ አገር ሰው ስለ ቁስል ሲያስብ ከጀርም ይልቅ ሽታን ይፈራል። ሽቶ የተቀባ፣ ሽንኩርት ሲያቁላላ የዋለ፣ ወይም ከማን ጋር እንዳደረ የማይታወቅ ጠያቂ በበሩ ከገባ ቁስሉን "ሽታ ይመታዋል" ይላል። ስለዚህ ጤና አዳም ቀንጥሶ በበሽተኛው አፍንጫ ሥር ይሸጉጣል፤ ለራሱም ጆሮው ላይ ይሰካል። በነርስነት ዘመኔ ስንቱን ቅጠል ከፋሻ ሥር እየለቀምሁ ጥያለሁ! ተቆጥቼበታለሁ፣ ሰብኬበታለሁ፣ ተሸንፌበታለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን፣ ጡረታ ከወጣሁ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ጋይንት ውስጥ ወዳለ አንድ ሆስፒታል አስታማሚ ሆኜ ስገባ ያ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝና ቆሜ አሸተትሁት። ናፍቆት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳጤነው ብስጭት ነው።

የመጣሁት ለታናሽ እህቴ ለየሺ ነው። ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ማዶ፣ መኪና ከማይደርስበት መንደር፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ በቃሬዛ አወጧት፤ ከወገዳ ወዲህ ደግሞ በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ በጭነት መኪና። አንጀቷ ተጠምዞ ኖሯል። ሐኪሞቹ የሞተውን ቆርጠው ጣሉ፤ ደኅናውን ከደኅናው ሰፉት። እጃቸው ይባረክ፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። እኔን ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ተከፈተና "የየሺ አስታማሚ!" የሚል ድምፅ መጣ። ባሏ አያ ሙላት፣ ልጇ ዳኛቸውና እኔ ተሯሯጥን። አልጋውን ከነበሽተኛዋ በእጃችን ላይ ለቀቁልንና "ግሉኮሱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከመጨረሻው ክፍል አስገቧት" ብለው በሩን ዘጉ። ገና ራሱን ያላወቀ፣ ምላሱ ወደ ጉሮሮው ሊወድቅ የሚችል ሰው፣ "ያዝ!" ተብሎ ለገበሬ ይሰጣል? የገበያ በግ ነው?

ያኔ እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል ከኦፕራሲዮን ክፍሉ አጠገብ መጋረጃ የተከፈለባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ "መንቂያ" እንላታለን። ሁለት አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ። ሌላ ዕቃ አልነበራትም። በዚያች በርጩማ ላይ የተቀመጠች ነርስ በሽተኛው ስሙንና የአባቱን ስም እስኪናገር ድረስ አትነሣም። "ስምዎ ማነው?" ይባላል፤ "የአባትዎስ?" ይባላል። የአባቱን ስም የተናገረ ሰው ወደዚህ ዓለም ተመልሷል። ከመናገሩ በፊት ግን ስንት ነገር ይሰማል! ገበሬው ማደንዘዣው ሲለቀው መጀመሪያ የሚያደርገው ማረስ ነው። "ሃ! ተመለስ ቦራ! ጠማማ!" እያለ በሬውን ይገሥጻል፤ እኔ የበሬውን ቦታ ይዤ እጁ ላይ ያለው መርፌ እንዳይነቀል እጁን እይዛለሁ። አንዲት ወይዘሮ የጎረቤቷን ዶሮ ማን እንደወሰደው ተናግራ ነቅታለች። የዋርዳችን አለቃ ሲስተር ዘነበች "እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀበራል" ትለን ነበር። ቀበርነው።

እኔ ለዚያ ቦታ የበቃሁት ዘግይቼ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ባል አግብቼ ከፈታሁ በኋላ፣ እስቴ ውስጥ፣ ጥርሳቸውን ከሚቀይሩ ሕፃናት ጋር ነው። የክፍል ጓደኞቼ "እትዬ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። መምህሩ ሳይቀር አንዳንዴ ተሳስቶ አንቱ ይለኛል። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ቀሚሴን በጉልበቴ መሐል ሰብስቤ፣ "ሀ ሁ"ን ከእነሱ ጋር ስጮህ ዛሬም ይሰማኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንስራው ሞልቶ አገኘዋለሁ። የምትሞላው የሺ ነበረች። ምንጩ ቁልቁለት ነው፤ ስትመለስ ዳገት። አንድም ቀን "ተራሽ ነው" አላለችኝም፤ በምላስ ግን አትምረኝም፦ "ንባብሽን ጨርሺ፤ መጽሐፉ ውኃ ያጠጣሻል።" ነርስ ሆኜ ስመጣ ያች ነጭ ቀሚስ በስታርች ደርቃ እንደ ቆርቆሮ ስትንኳኳ አይታ በሣቅ ሞተች። "በዚች ቀሚስ ትቀመጫለሽ ወይስ ቆመሽ ታድሪያለሽ?"

የነጯን ቀሚስ ዘመን ካነሣሁ የጋሽ እንድሪስን ሱቅ መዝለል አልችልም። ከሆስፒታሉ በር ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ገበያው በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ፣ ቆርቆሮዋ በሰማያዊ ቀለም የተቀባች ሱቅ ነበረች። አስታማሚ ሁሉ ሳሙናውን፣ ክብሪቱን፣ የባትሪ ድንጋዩን ከዚያ ይገዛል። ሻይ በስሙኒ፤ አምባሻ ጨምረህ ከአንድ ብር መልስ አለህ። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ቆብ፣ የአንገት ሹራብ፣ አንድ እግሩ በክር የተጠገነ መነጽር። ሬድዮኑ ከመደርደሪያው ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ከሰዓት በኋላ የምርጫ ዘፈን ሲመጣ ጨርቁን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ይገልጠዋል። ያን ጊዜ የነበሩት ዘፈኖች ቀስ ብለው ይጀምሩ ነበር፤ ክራሩ ብቻውን ጥቂት ሄዶ ነው ድምፅ የሚከተለው። እኔ የላስቲክ ጫማዬን በር ላይ አራግፌ፣ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ፣ አንድ ሻይ ለመጠጣት እዚያ ስቆም፣ የሚጮህ ሰው የሌለበት የዓለም ክፍል ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን በቦታው ባለ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ዘፈኑ ደግሞ ገና ሳይጀምር ይጮሃል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንጀቱ የተሰፋ ሰው አንድ ነገር ይከለከላል፤ አንጀቱ ነቅቶ መሥራቱ እስኪታወቅ ድረስ በአፉ ምንም አይገባም። ከገባ ወይ ስፌቱ ይለቃል፣ ወይ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይሄድና ይታፈናል። ቀላል ነገር ይመስላል። ለመናገር ግን ከባድ ነው፤ እኔም መክበዱን ያወቅሁት በጥሩሰው ነው።

ጥሩሰው ከስማዳ የመጣች ልጅ እግር ሙሽራ ነበረች። እጇ ላይ ያለው እንሶስላ እንኳ አልለቀቀም። ሕመሟ ልክ እንደ የሺ ነው። የምታስታምማት አማቷ ነበሩ፤ ጠንቃቃ፣ ንጹሕ፣ የተናገሩትን የሚፈጽሙ ሴት። ሐኪሙ ያዘዘኝን አንድም ሳላጎድል ነገርኋቸው፦ "እማማ፣ ውኃ እንዳይሰጧት። እህልም ውኃም።" "እሺ ልጄ፤ ውኃ በአፏ አይዞርም" አሉኝ። ልጅቱ ስታለቅስ፣ ከንፈሯ ሲሰነጠቅ፣ ሌላው አስታማሚ "ምን ያለች ጨካኝ አማት ናት" እያለ ሲያማቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቻሉት። ሐኪሙ በጠዋት ሲገባ ግን ጥሩሰው አረንጓዴ ነገር ስታስመልስ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ አገኛት። ጮኸ። "ውኃ ሰጥታችኋታል!"

"በማርያም!" አሉ አማቷ። "ውኃ በአፏ አልዞረም!"

"ታዲያ ይህ ከየት መጣ?"

ከአልጋው ሥር ቅል ነበር። አነሣሁት፤ ግማሽ ሆኗል። "ይኸስ ምንድን ነው እማማ?"

ሴትዮዋ እንደ ሕፃን ተመለከቱኝ። "እሱማ ጠበል ነው።"

አልዋሹም። በማርያም ሲምሉ በሐሰት አልማሉም። ጠበል ውኃ ነው ብሎ ያስተማራቸው ማን አለ? ከምንጩ ሲወጣ ውኃ ነው፤ ቄሱ ከባረከው በኋላ ግን ስሙም ግብሩም ሌላ ነው። ለአንድ የስማዳ ሴት ጠበልን "ውኃ" ማለት ቁርባንን "ዳቦ" እንደማለት ነው። የተከለከለችውን አልሰጧትም፤ ያልተከለከለችውን፣ ያውም ፈዋሹን ሰጧት። ጥሩሰው አልተረፈችም። አማቷ ሬሳውን ሊያወጡ ሲሉ እጄን ይዘው "ልጄ፣ ጠበል ይገድላል?" ብለው ጠየቁኝ። "አይገድልም" ብላቸው ዋሸሁ፤ "ይገድላል" ብላቸው ደግሞ የበለጠ ውሸት ነው። ሬሳውን አብሬያቸው ተሸከምሁ። ያን ያህል ያነበብሁት መጽሐፍ አንዲት መልስ አላዋሰኝም።

ከዚያ በኋላ የዋርዱ ነርሶች ቃል ፍለጋ ገባን። ሲስተር ዘነበች "ጠበልም ጭምር በሉ" አለች። አልን። "አጥሚት ይቅርና ጠበልም አይሰጥም" ስንል ግማሹ "ጴንጤ ናቸው" ብሎ አማን፤ ግማሹ ደግሞ ጠበሉን ትቶ የሎሚ ውኃ ሰጠ፤ ሎሚ መድኃኒት ነዋ። ማር ሰጠ። ወተቱን "አሬራ ነው እንጂ ወተት አይደለም" አለ። አንዱን ስትዘጊው አንዱ ይከፈታል። ቃሉን ያገኘነው ሳንፈልገው ነው። ሰሙነ ሕማማት ነበር፤ ዓርብ ስቅለት ከስግደት የመጣች አንዲት የጽዳት ሠራተኛችን ግድግዳ ተደግፋ ብትቆም፣ አንዱ አስታማሚ ሻይ አቀረበላት። ሌላዋ አስታማሚ ከእጁ ነጠቀችው፦ "ተው! አክፋይ ናት!" ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ምን ሎሚ፣ ምን ማር፣ ምን ጠበል አላለም። አክፍሎት ማለት ከስቅለት እስከ ትንሣኤ በአፍ አንዳች ሳይገባ መቆየት ነው፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። በማግሥቱ ለገባው በሽተኛ ቤተሰብ "አክፍሎት ላይ ናቸው" አልኋቸው። እንዲህ ያለ መታዘዝ ከዚያ በፊት አላየሁም። ልጁ ራሱ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ጾመ።

ያ በሽተኛ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን። አንጀታቸው ታንቆ ነው የተቀደዱት። መቋሚያቸውን ከአልጋው ራስጌ አስደግፈው፣ ባናቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ከንፈራቸው ደርቆ እንኳ ቃል የሚመዝኑ ሰው ናቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "አክፍሎቱስ መልካም። የእኔ ትንሣኤ መቼ ነው?"

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። "ነፋስ ሲወጣ ነው፣ የኔታ።"

"የምን ነፋስ?"

"ከሆድ። በ… በታች በኩል።"

ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ጣለ። የኔታ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። ዓይናቸው ላይ የቅኔ ቤቷ ብርሃን መጣች። "እንግዲያው ትንሣኤው ነፋስ መውጫ ነው በይኛ!" አሉ። ነፋስ መውጫ እንግዲህ የላይ ጋይንት ከተማ ናት፤ በሕይወታቸው ስንት ጊዜ በእግራቸው የደረሱባት። "አዪ፣ ሩቅ ነው። እኔ ለጊዜው ገና ወገዳ ነኝ።"

በማግሥቱ "የት ደረሱ የኔታ?" አልኋቸው። "አርብ ገበያ። ገበያው ሞቋል፤ ይንጫጫል።" ጆሮ ማዳመጫዬን ሆዳቸው ላይ ሳደርገው እውነትም ይንጫጫል። አንጀት መንቃት ሲጀምር እንዲያ ነው የሚል። ከወገዳ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው በአርብ ገበያ በኩል ይለፍ አይለፍ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ለሰምና ወርቁ መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። በሦስተኛው ጠዋት ቁስል እያጠብሁ ሳለሁ መቋሚያቸው ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። "ሲስተር! ነፋስ መውጫ ገባሁ!" አንዲት አስታማሚ እልል አለች፤ ክፍሉ ተከተላት። ስኳር ሊገዛ የሮጠውን ልጃቸውን ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ተቀብሎ "ገቡ?" ሲለው "ገቡ!" አለ፤ ስኳሩን በነጻ ሰጠው ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን፣ የኔታ ወደ ቤተ ልሔም ተመልሰው ሌላ ነርስም እኔም ከተቀያየርን በኋላ ሳይቀር፣ በዚያ ዋርድ ያለ በሽተኛ "እንዴት አደርህ" አይባልም፤ "የት ደረስህ" ነው የሚባል። የምታፍረው ወይዘሮ ሁሉ፣ ነፋስ የሚለውን ቃል ለወንድ ሐኪም ለመናገር ሞት የሚመርጠው ሁሉ፣ የአገሩን ከተማ ስም ለመጥራት ምን ያሳፍረዋል?

ይህን ሁሉ በልቤ እያመላለስሁ ነው ከየሺ አልጋ አጠገብ በተደፋ ጀሪካን ላይ የተቀመጥሁት። ስሟንም የአባታችንንም ስም አስጠርቻታለሁ። ነጠላዬን አጣጥፌ ቁስሏ ላይ አስደግፌ "ሳል በይ" አልኋት፤ ሳለችና ሰደበችኝ። ወደ ጎን አገላበጥኋት። ማንም አድርጉ ያለን የለም። ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በአፍ ምንም አይግባ የሚል ሦስት የፈረንጅ ፊደል። አያ ሙላት ወረቀቱን እንደ ሥዕል ቀና ብሎ ሲያየው ቆይቶ "እህቴ፣ ይኸ የስሟ መጀመሪያ ነው?" አለኝ።

ነርሷን አገኘኋት። ቤዛ ትባላለች፤ ልጅ ናት፤ ያን ሁሉ ክፍል ብቻዋን ትዞራለች፤ የጋውኗ ኪስ ውስጥ የተነከሰ ዳቦ አለ፤ ስልኳም አያርፍም። "ልጄ፣ የግሉኮሷ ነገር ሊያልቅ ነው። ደግሞ ለቤተሰቡ በአፍ ምንም እንዳይሰጡ ነግራችኋቸዋል?"

"ኤንፒኦ ናት እማማ። ተለጥፏል እኮ።"

"ፊደሉ አይገባቸውም።"

"ነግሬያቸዋለሁም። 'ኤንፒኦ ናት፣ እሺ?' አልኋቸው፤ 'እሺ' አሉኝ።"

"ምን መሰላቸው ታዲያ?"

"እማማ፣ አሁን እንደ ድሮው አይደለም፤ ለብዙው ሰው ምግብ ቶሎ ነው የሚጀመርለት።"

"ለእሷስ?"

"ለእሷ ዶክተሩ እስከ ነገ ምንም አይሰጥ ብሏል። አንጀቷ ክፉ ነበር።" ስልኳ ጮኸ። "መጣሁ፣ መጣሁ፤ ግሉኮሱን አመጣለሁ።" ሮጠች። ልቆጣት ፈለግሁና የምቆጣት ቦታ አጣሁ። ሦስት ሰው የሚሠራውን አንዲት ልጅ ላይ ጭኖ የሄደ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ዋርድ ውስጥ አይገኝም።

ተመለስሁና በዱሮዬ ቃል ልሠራ ሞከርሁ። "ዳኛቸው፣ አያ ሙላት፣ ስሙኝ፤ የሺ አክፍሎት ላይ ናት።" አያ ሙላት ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል። የእህቴ ልጅ ዳኛቸው ግን ወገዳ ሃይስኩል የጨረሰ፣ ስብከት በስልኩ የሚከታተል፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማዕተብ ያጠበቀ ጎልማሳ ነው። "አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አክፍሎት እኮ የሕማማት ነው። አሁን ሕማማት አይደለም። ደግሞ የታመመ ሰው ጾም የለበትም።" ልጁ ልክ ነው። ያበሸቀኝም ልክነቱ ነው። ያ ሁሉ ሕይወት ያተረፈ ቃል በአንድ ቅን ልጅ አንደበት እንደ ሸማ ተተረተረ።

ቤዛን እንደገና ፍለጋ ወጣሁ፤ ግሉኮሱ አልቋል። አጣኋት፤ ቱቦውን ራሴ ልዘጋው ስመለስ ዳኛቸው የእናቱን ራስ በክንዱ ደግፎ ይዟል። በሌላ እጁ ሲኒ አለ። የፕላስቲኩ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ አልጋው ላይ ቆሟል። ጠበል ነው፤ ከመንደራቸው ይዘውት የመጡት።

"ዳኛቸው!"

"ውኃ አይደለም አክስቴ።"

የዚያን ጊዜ ያደረገኝን መጻፍ አልችልም። ጥሩሰው እንሶስላዋን እንደያዘች መጣችብኝ። ሲኒውን መንጠቅ እችል ነበር፤ ጠበል ተነጥቆ ወለል ላይ ቢፈስ ግን ልጁም አባቱም ዳግም ቃሌን አይሰሙም፤ ዞር ስል ደግሞ ያጠጧታል። እኔ ሁልጊዜ ዓይኔን ተክዬ መጠበቅ አልችልም። የሺ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ አትቁሚብኝ። ጠማኝ።"

"ትሞቻለሽ፣ የሺ።"

"ጠበል ጠጥቼ ልሙታ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አንቺ ስትማሪ ውኃ የቀዳሁ እኔ ነኝ። ያን ዳገት እኔ ነኝ የወጣሁ። ዛሬ አንዲት ጉንጭ ትከለክይኛለሽ?"

እውነቷን ነው። ስለ ስፌት፣ ስለ ሳንባ ላስረዳት አሰብሁና ተውሁት፤ በንባቤ ስትስቅብኝ የኖረች ሴት ናት፣ መጽሐፍ ልጠቅስላት ነው? ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥሁ። እጇን ያዝሁ።

"የሺ፣ ከየት ነው የመጣሽ?"

"እብድ!" አለች። "ከወገዳ ማዶ። አታውቂውም?"

"አሁንስ የት ደርሰሻል?"

"ምን የት ደርሰሻል አለው? ተኝቻለሁ!"

ስለ የኔታ ነገርኋት። ስለ ትንሣኤው ጥያቄ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ገበያው ጫጫታ፣ ወለሉን ስለመታው መቋሚያ። መጀመሪያ የሣቀ አያ ሙላት ነው፤ "አይ የቅኔ ሰው! ነፋስ መውጫ ገባሁ አለ?" ብሎ ጉልበቱን መታ። ከዚያ የማዶው አልጋ ሣቀ። የሺ ሣቅዋን ያዘች፣ ያዘች፣ አመለጣት፤ ቁስሏን በሁለት እጇ ደግፋ "አታስቂኝ አንቺ ክፉ! ልፈነዳ ነው!" እያለች እንባዋ ወረደ። ዳኛቸው ሲኒውን እንደያዘ ቀርቷል፤ እናቱ በፈረንጅ ፊደልም በአክፍሎትም ያልገባት ነገር አሁን እንደገባት ፊቷ ላይ ያያል።

"ዳኛቸው" አለችው ትንፋሿ ሲመለስ፣ "ወደ ጠርሙሱ መልሰው። ግንባሬን ርጨኝ፤ ከንፈሬን በጥጥ አርስልኝ። ቀሪውን ነፋስ መውጫ ስደርስ ነው የምጠጣው። እኔ ገና ወገዳን አላለፍሁም።"

ረጫት። ከንፈሯን በርጥብ ጥጥ እየነካካሁ አዋልኋት። እኔን ሰምታ እንዳይመስላችሁ፤ የኔታን ነው የሰማች። ቤዛ ግሉኮሱን ይዛ እየሮጠች ስትመጣ ሁላችንንም ዓይናችን እንባ ሞልቶ አገኘችን፤ ደንግጣ መጀመሪያ የየሺን የልብ ምት ያዘች።

በማግሥቱ ጠዋት መጽሐፌን ገልጬ ሳለሁ ነጠላዬ ተጎተተ። "እትዬ።"

"ምነው? አመመሽ?"

ግራ ቀኝ አየች፤ ድምፅዋን ቀነሰች። "ገብቻለሁ።"

"የት?"

"ኧረ ምን ያለችው ደንቆሮ ናት! ነፋስ መውጫ ነዋ!"

ከአልጋው ማዶ አያ ሙላት ጋቢውን አፉ ላይ ጭኖ ተንቀጠቀጠ። ለቤዛ ነገርኋት፤ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ሐኪሙ መጥቶ ሆዷን አዳምጦ በማንኪያ በማንኪያ ይጀመርላት አለ። የመጀመሪያው ማንኪያ ጠበሉ ነበር፤ ዳኛቸው አማትቦ ሰጣት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም። ግን ከብስጭቴ ጋር አልተለያየንም። አንድ ዋርድ ሙሉ ሰው በአፉ ሲቀባበለው የነበረ ነገር፣ ማንም ጠፋ ሳይል፣ እንደ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ተነሥቶ ሄዷል፤ በቦታው ሦስት የፈረንጅ ፊደል ቆሟል። እህቴ የተረፈችው እኔ በአጋጣሚ እዚያ ስለነበርሁ ነው። ሥራ በአጋጣሚ ይሠራል?

ይህን እያልሁ ስብሰለሰል አጠገባችን ያለው አልጋ ሞላ። ልጅ እግር ሴት ናት፤ ከኦፕራሲዮን አሁን መውጣቷ፣ ገና ታቃስታለች። እናቷ በአልጋው ሥር ቢጫ ጀሪካን አስገቡ፤ ከጀሪካኑ አንገት ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል ታስሯል። ጤና አዳም ከጉያቸው አውጥተው የልጅቱ አፍንጫ ሥር ሸጎጡ። ቤዛ ወረቀቱን ለጠፈችና እየሄደች ዞር አለች፦ "ኤንፒኦ ናት እናቴ። ውኃ እንዳትሰጧት፣ እሺ?"

"እሺ ልጄ" አሉ ሴትዮዋ፣ በሙሉ ልብ። "ውኃማ በአፏ አይዞርም።"

ገጹን ሳላስተውል ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሺ ከአልጋዋ ታየኛለች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች። "ያን መጽሐፍ ዝጊና ሂጂ እንጂ!"

ዘጋሁት። ጀሪካኔን ይዤ ተሻገርሁና ከሴትዮዋ ጎን አኖርሁት።

"እንደምን ዋላችሁ እማማ። ከየት ናችሁ?"

"ከአርብ ገበያ በታች ነን፣ እመቤቴ።"

"እንግዲያው" አልሁ እየተቀመጥሁ፣ "ነፋስ መውጫን ያውቁታል።"